ያልተቀመሰው ስጎ

«ምላሴን ከፈለግሽ ቆርጬ በሰሃን ልስጥሽ። ስጎሽን ግን አልቀምስልሽም።»

ይህን ያለችው ጀሊላ ናት። ጀሊላ ቃል አትናገርም፣ ትወረውራለች። አንገቷን ወደ ቀኝ ሰበር፣ ሻሿን ወደ ግራ ወርወር፣ ከዚያ ቃሉን ዱብ። የወረታ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ከሚዛን ኋላ ያደገ ሰው እንዲህ ነው፣ የመጨረሻ ዋጋውን ከተናገረ አይቀንስም።

«ብዪልኝ ማን አለሽ?» አለች እትዬ የብርጓል፣ ጭልፋውን እንደ ጦር ይዛ። «በምላስሽ ጫፍ ንኪና እንትፍ በዪው ነው ያልሁሽ። ጨዉን ብቻ ንገሪኝ።»

«የራሴ ስጋ ቢሆን እነካልሽ ነበር። ረመዳንም ቢሆን፣ ወጥ የምትሠራ ሴት ጨው ለማወቅ በምላሷ ነክታ ብትተፋው ጾሟ አይፈርስም፣ ሼሁ ነግረውናል። ይኼ ግን የክርስቲያን እርድ ነው። እንኳን ጾሜን ይዤ ፈትቼም አልነካው። ደግሞ ወይን ጠጅ ጨምረሽበታል፣ አይቼሻለሁ።»

«ወይኑ ተንኖ ያልቃል።»

«ወዴት ነው የሚተን? እኔ አፍንጫ ውስጥ ነው ያለው።»

«እኔ እንዳልቀምሰው ሁዳዴ ነው።»

«እኮ።»

«እኮ ምን?»

«እኮ ማንም አይቀምሰውማ።»

ሁለቱም ድስቱን አዩት። ድስቱ ግድ የለውም፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ይንተከተካል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ የእትዬ የብርጓልን ፊት ሳየው ተመለሰ።

ግቢያችን ዓባይ ማዶ ነው፣ ከባጃጅ መቆሚያው ገባ ብሎ። ሦስት ቤት አለው። ትልቁ የእትዬ የብርጓልና የባሏ የጋሽ አበራ ነው፤ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። በግራ በኩል ጀሊላ ከባሏና ከሕፃን ልጇ ጋር ተከራይታለች። በሩ አጠገብ ያለችው አንድ ክፍል የእኔ ናት፣ ደጃፏ ላይ ፀጉር እሠራለሁ። እትዬ የብርጓል ታላቄ ናት፣ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ «አንቱ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል» ስላለችኝ ተውሁት። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለገጠሙ ግቢው ከዳር እስከ ዳር ጾመኛ ነው። ሕፃን ይቅመሰው እንዳይባል እንኳ ያለን አንድ ሕፃን የጀሊላ ነው። የሚበላ ሰው ጋሽ አበራ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አይበሉም። ጭንቀቱ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣ።

የቅበላ ሰሞን ጋሽ አበራ አንጀታቸው ታጥፎ ወደቁ። ሆስፒታል ገቡ፣ ሆዳቸው ተከፈተ፣ ተመስገን ወጡ። ከወጡ ወዲህ ግን እህል እምቢ አላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸውን አጣመው፣ ቃሉን እየጎተቱ፣ «ብረት ነው የሚለኝ» ይላሉ። «ሽሮውም ብረት፣ እንቁላሉም ብረት።» የጣና አሣ በሾርባ ተሠራላቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱና «ይኼ አሣ ሚስማር ውጦ ነው የሞተው» አሉ። ድሮ የእሳቸውን ድምፅ ሳስመስል እትዬ የብርጓል ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን «ተይ፣ እባክሽ» ትለኛለች። ሰውዬው ጓዳ ተኝተው ድምፃቸው ደጅ ሲሰማ ደስ አይላትም።

ሐኪሙ ደግሞ ጎረምሳ ነው፣ ካርዱ ላይ እያየ ነው የሚያወራ። «እናት፣ ካልበሉ ቁስሉ አይገጥምም። በሚመጣው ቀጠሮ እንደዚህ ከመጡ መልሼ አስተኛቸዋለሁ። እሺ እናት?» እትዬ የብርጓል «እሺ» አለች። ጋሽ አበራ ባጃጅ ውስጥ ከገቡ በኋላ «የብርጓል፣ እዚያ ከመለሳችሁኝ በእግሬ አልወጣም» አሏት። ባጃጅ ነጂው እንኳ ዘፈኑን ቀነሰ አለችኝ። ሰውነታቸው ስለ ከሳ ቀበቷቸው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስታላቸው ነበር፤ ሰሞኑን ከሱ አለፍ ብላ ሌላ በሳች።

የነፍስ አባታቸው አባ ጥዑመ ልሳን ለጋሽ አበራ ፈቅደዋል። «ሕመምተኛ ነው። ስጋም ይብላ፣ ወተትም ይጠጣ፣ መድኃኒቱ ነው» ብለዋል። ለእትዬ የብርጓል ግን የሚፈቀድ ነገር የለም፣ ራሷን ያሰረችው ራሷ ናት። ባሏ ሊከፈቱ ሲገቡ ኮሪደር ላይ ተንበርክካ ለጊዮርጊስ ተሳለች፦ አበራን መልስልኝ፣ እኔ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ፣ የፍስክ ጠብታ ሳልነካ እጨርሳለሁ። መለሰላት። እንግዲህ አበራን የያዘልኝ ያ ስለት ነው ብላ ታምናለች። «ክሩን ከለቀቅሁት» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ማን ይይዘዋል?» ልጅ የላቸውም። «ልጅ አልሰጠንም፣ እርስ በርስ ነው የተሰጣጣን» ነው የምትል።

እና አንድ ጠዋት ጋሽ አበራ ጣራውን እያዩ «ስጎ ቢሆን እበላ ነበር መሰለኝ» አሉ።

ይኼ ስጎ ታሪክ አለው። እትዬ የብርጓል ከዱርቤቴ ነው የመጣች። ልጃገረድ ሳለች የጣልያን መንገድ ሥራ ድርጅት እዚያ ነበርና ካምፑ ወጥ ቤት ሽንኩርት ላጭ ሆና ገባች። ወጥ ሠሪው ሽማግሌ ጣልያን ነበር። እኔ አላየሁትም፣ ግን እሷ ስታስመስለው አይቻለሁና የእሷን ማስመሰል አስመስላለሁ፤ ሆዱን ወደ ፊት፣ አምስት ጣቱን ገጥሞ ወደ ላይ፣ «ፒያኖ፣ የቡርጋል፣ ፒያኖ።» ቀስ በዪ ማለቱ ነው። ጠዋት የጣደውን ስጎ ከሰዓት ነበር የሚያወጣ። ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ሰለሪ እንደ ጤፍ አድቅቆ፣ ስጋውን አገላብጦ፣ ወይን ጠጁን አትንኖ፣ ቲማቲሙን ከነሳልሳው ጨምሮ፣ ከዚያ እሳቱን በአመድ ሸፈን አድርጎ መጠበቅ። ሲጠብቅ ግን አይተኛም። በየጊዜው የዳቦ ቅርፊት እየነከረ ይቀምሳል። «ያልቀመሰ ወጥ ሠሪ ዓይኑን ጨፍኖ መኪና እንደሚነዳ ነው» ይል ነበር አሉ። ጋሽ አበራ ደግሞ ካምፑ ውስጥ ገልባጭ መኪና ነበር የሚነዱ። መጀመሪያ ቀን ስጎውን ቀመሱና «ይኼ ወጥ በርበሬው የት ሄደ?» አሉ። በማግሥቱ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው ቀን የመጡት ለስጎው አልነበረም።

እንግዲህ ስጎ ሊሠራ ነው፤ ስጋስ? በሁዳዴ የክርስቲያን ሉካንዳ ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው የሙስሊም ነው። ጀሊላ ወዲያው «ወንድሜ ሰላህ ሉካንዳ አለው፣ ለስላሳውን ላስመጣልሽ። ጨዉንም እኔ እነካልሻለሁ» አለች። እውነቷን ነው፣ ሁሉ ነገር በዚያ ባለቀ ነበር። ጋሽ አበራ ግን ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ጀሊላ፣ አንቺ የእኛን ትበያለሽ?» አሏት።

«አልበላም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እኔ ምን በደልሁሽ? ዕድሜ ልኬን ያልነካሁትን ልሞት ስል ታስነኪኛለሽ?»

ጀሊላ ሳቀች፣ ከዚያ «ልሞት» ያሉት ደረሰባትና ሳቋን ዋጠችው።

የቀረው ቋንጣው ነበር። ቋንጣው ግን መከራ ያለበት ቋንጣ ነው። በቅበላ ከሠፈር ሰው ጋር ቅርጫ ገብተው፣ እትዬ የብርጓል ስጋውን ዘልዝላ ጨው እየነሰነሰች ሳለ ነው ጋሽ አበራ ደጅ ላይ ድብ ያሉት። ሁሉን ጥላ ሮጠች። በማግሥቱ ጋቢ ልትወስድ ስትመጣ ስጋው ሳፋው ላይ እንዳለ ነው። ሰቀለችው። በፊት ጨዉን ጨርሳ ነበር ወይስ ገና እየጀመረች? ሳትሰቅለው በፊት ደገመችው ወይስ አልደገመችም? አታስታውስም። «ጨው እጄ ላይ ነበር» ትላለች መዳፏን እያየች። «የትኛው ቀን እንደ ሆነ ግን ጠፋብኝ።»

ስለዚህ ቋንጣውን ውኃ ውስጥ አሳደረችው፣ ውኃውን ቀየረች፣ ደግሞ ቀየረች። ለፋሲካ ብላ አጥባ የሰቀለችውን የፍስክ ድስት አወረደች። ቋንጣውን በሙቀጫ ስትወቅጥ ጀሊላ ሽንኩርት ላጠችላት፣ ካሮት ከተፈችላት፣ ከሰል አራገበችላት፤ ስጋው ሲገባ ግን እጇን ታጥባ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከሐሙሲት የመጣ ቲማቲም ነበር፣ በፈላ ውኃ ተልጦ ገባ። የጥብስ ቅጠል ገባ፣ ገውዝ ተፋቀበት። እትዬ የብርጓል የወጥ ቤቱን መስኮት ዘጋች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ እኔን ደጅ አቆመችኝ። ሽታው ግን መስኮት አይጠብቅም። አገርነሽ፣ ያቺ ጎረቤታችን፣ ከውጭ በኩል ቆማ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀሰረች።

«እምምም። የማን ቤት ነው ፋሲካ የቀደመ?»

«የሐኪም ትዕዛዝ ነው» አልኋት።

«ሐኪሙ የጥብስ ቅጠልም ያዛል?»

«ከምግብ በኋላ» አልኋት። ሄደች። በመንገዷ ለስንት ሰው እንደምትነግር አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እነግር ነበር።

ወደ ውስጥ ስመለስ ነው እንግዲህ የምላሱ ጠብ ላይ የደረስሁት።

ስጎ ሲንተከተክ ይጎድላል፤ ሲጎድል ጨው ያለበት ጨዉ ይበረታል። ጠዋት ልኩ የነበረ ከሰዓት አይዋጥም። እትዬ የብርጓል ይህን ስለምታውቅ ነው በጭንቀት የምትሞተው። ድስቱን ከፍታ ታያለች፣ ታሸታለች፣ ማንኪያ አውጥታ በብርሃን ታየዋለች፣ ጨው በዓይን የሚታይ ይመስል። «ጨዋማ ከሆነ አንድ ጉርሻ በልቶ ይገፋዋል» አለች። «ከገፋው ሌላ ነገር አይጠይቀኝም። የጠየቀኝ ይኼን ብቻ ነው።»

«ድንች ጣይበት፣ ጨው ይጠጣል» አለች ጀሊላ።

«ጨው ከሌለውስ? ያለችውንም ይጠጣብኛል።»

«አባ ጥዑመ ልሳን ጋ ደውዪ።»

ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። በሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እሳቸውም መቅደስ ናቸው። ደግማ ደወለች። የስልኳ ሴትዮ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ ማግኘት አይችሉም አለቻት። «እሷን ጠይቂያት» አለች ጀሊላ፣ «ጾመኛ አትመስልም።»

«እኔ ልቅመሰው» አልሁ። የምሬን ነበር።

እትዬ የብርጓል ዞራ አየችኝ። «ሚስጥር» አለች፣ ስሜ ሚስጥር ነው፣ ያወጣልኝን ሰው ይቅር ይበለውና፣ «ለባሌ ጤና የአንቺን ኃጢአት አልገዛም። ደግሞ የአንቺ ምላስ ሥራ በዝቶበታል።»

ይህን ስትል ከኋላችን እንጨት ሲንቋቋ ሰማን። ጋሽ አበራ ናቸው። ከአልጋ ወርደው፣ አንድ እጃቸው ሆዳቸው ላይ፣ አንድ እጃቸው ግድግዳው ላይ፣ ጋቢያቸው መሬት እየጠረገ። ያን ያህል ርቀት ብቻቸውን ሲሄዱ ከወጡ ወዲህ አላየናቸውም።

«የሦስት ሴት ምላስ እያለ አንድ ጠፍቶ ነው ይኼ ሁሉ ጩኸት?» አሉ።

እትዬ የብርጓል ዱካ ገፋችላቸው። ተቀመጡ። ዳቦ ቆረሱ፣ ቅርፊቱን፣ ድሮ ካምፕ እንደሚያደርጉት። ድስቱ ውስጥ ነከሩ። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ከውጭ ባጃጅ ጥሩምባዋን ነፋች፣ ጀሊላ በእጇ ዝም በዪ አለቻት፣ ባጃጇ የምትሰማት ይመስል።

«ብረት ይልሃል?» አለች እትዬ የብርጓል።

አላመጡ፣ አላመጡ። «ብረትስ አላለኝም።»

«እሺ።»

«ጨው የለውም።»

«ቋንጣ ነው እኮ አበራ። ቋንጣ እንዴት ጨው ያጣል?»

«ጨው የለውም አልሁሽ።»

«ምላስህ ከታመምህ ወዲህ ይዋሽሃል። ውኃ ብረት ነው የምትል ሰው ነህ።»

«ታዲያ ቅመሺውና ንገሪኝ።»

ያን ያሉት ስለቱን ረስተው ይመስለኛል። እሷ ግን አልረሳችም። ከዳቦው ቆረሰች። ነከረች። አፏ ድረስ አመጣችው፤ መረቁ በጣቷ ላይ ሲወርድ አየሁት። ጀሊላ ተነሥታ እጇን ያዘቻት። ከዚያ መልሳ ለቀቀቻት፣ የሷ ጉዳይ አይደለምና። እትዬ የብርጓል ዳቦውን ከንፈሯ ሥር ይዛ ቆመች፣ ዓይኗ ባሏ ላይ። ብትቀምስ ጨዉን ታውቃለች፣ ስለቱ ፈረሰ። ባትቀምስ ስለቱ አለ፣ ጋሽ አበራም ገበታውን ገፍተው አልጋቸው ላይ ይመለሳሉ።

«የብርጓል» አሉ ጋሽ አበራ። ድምፃቸው እንደዚያ ወፍራም ሲሆን ከሰማሁ ቆይቻለሁ። «አስቀምጪው። ስለቱን በእኔ ላይ ነው የተሳልሽው፣ በእኔ ላይ አታፍርሺው። ጨዋማ ቢሆን የምበላው እኔ፣ አልጫ ቢሆን የምበላው እኔ። ጨው አምጪ።»

ዳቦውን አስቀመጠች። ጣቷን በአመድ አሽታ፣ በውኃ ታጠበች፣ ደግማ ታጠበች። ጨው በቁንጥር አመጣች፣ ቁንጥሯ ግን ለወፍ የሚበተን ነበር የሚመስል። «ጨምሪ» አሉ። ጨመረች። «ጨምሪ።» ጨመረች፣ እያለቀሰች። ከዚያ ጣልያኑ እንዳስተማራት ወተት ጠብ አድርጋ፣ ፓስታውን ቀቅላ፣ አቀረበች። ጋሽ አበራ በሉ። ሰሃኑን ጨረሱ ብል ውሸት ይሆናል፤ ከግማሽ አለፉ። እኛ ሦስታችን ጾመኞች ቆመን የሰው አገጭ እናያለን።

በልተው ሲጨርሱ «ውኃ» አሉ። ሰጠቻቸው። ጠጡ። «ድገሚኝ» አሉ። ደገመች። ሦስተኛ ሲጠይቁ ጆጉን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ «በዝቶ ነበር» ይላል።

«ሐኪሙ ውኃ ይጠጡ ብሎ የለ?» አልኋት።

«ይኼ የሐኪም ውኃ አይደለም። የጨው ውኃ ነው።»

እና ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰላም የላትም። በማግሥቱ ጋሽ አበራ የተረፈውን አሙቁልኝ አሉ፣ ትንሽ በሉ። ቀጥሎ ባለው ቀን «ዛሬስ ይቅርብኝ» አሉ፣ እሷም ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ዛሬ ደግሞ ዳቦ በስጎው አጥቅሰው በሉ። አንዴ ላይ፣ አንዴ ታች። ቀበቷቸውን ግን አትለካም፤ ቀዳዳውን ማየት ፈርታለች። ከድስቱ ሥር አንድ ጭልፋ ያህል በትንሽ ዕቃ ከድና ፍሪጁ በረዶ ማድረጊያ ውስጥ አስቀምጣለች። ለፋሲካ ነው። ጾሙ ሲፈታ መጀመሪያ የምትቀምሰው እሱን ነው፣ ዶሮውን አይደለም። ጨው በዝቶበት ከሆነ ባሏን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ አንሶበት ከሆነም ምላሱን አላመንሁትም ብላ ይቅርታ ትጠይቃለች። መብራት በሄደ ቁጥር ተነሥታ ዕቃውን በእጇ ትዳስሳለች፣ ቀለጠ አልቀለጠ። ጀሊላ «የታቦት ማደሪያ አደረግሽው» ትላታለች።

ነገ ቀጠሮ ነው።

ይህን ደጃፌ ላይ ሆኜ ስጽፍ እትዬ የብርጓል የጋሽ አበራን ሸሚዝ ልታሰጣ መጣች። አጠገቤ ቆመች። እሷ ማንበብ አትወድም፣ ስሟን ግን በሩቅ ታውቀዋለች።

«ምንድን ነው የምትሞነጫጭሪው?»

«ስለ ስጎው።»

«ዳነ ብለሽ ጻፍሽ?»

«አልጻፍሁም።»

«እንዳትጽፊ። ነገ ሳይመዘን እንዳትጽፊ።»

«እሺ።»

«አልዳነም ብለሽስ?»

«እሱንም አልጻፍሁም።»

«እሱንም እንዳትጽፊ።» ሸሚዙን ገመዱ ላይ ጣለችው፣ እጅጌዎቹን አስተካከለች፣ ሰው ያለበት ይመስል። ከጓዳ ጋሽ አበራ ሳሉ። ሳሉን እስኪጨርሱ ጠበቀች፣ እኔም ጠበቅሁ።

«ታዲያ ምን ልጻፍ፣ እትዬ?»

«ምንም» አለች። «ያልተቀመሰ ነገር አይወራም። ተይው ሚስጥር፣ መጻፍሽን ተይው።»